ኮምፒውተሩ ከሹም አቦ አይወጣም

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ደረትህ፣ ብርድ ሲነካህ የሚይዝህ ያ ሳል እንዴት ነው? ከልቤ ነው የምጠይቅህ። ወደ ታች ስትወርድ የምታገኘው ቃል ቢጎረብጥህ፣ ጤናህን የጠየቅሁህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ። እኔ እሱ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጥርሴ አልቋል፤ ጆሮዬ ግን እንዳለ ነው። እህትህ ከነልጆቿ ደኅና ናት። ጣናም ደኅና ነው፤ ሰሞኑን ነፋሱ እምቦጩን ወደ ማዶ ገፍቶልን ውሃው ፊቱን አሳይቶናል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ። እኔ አንዱን ነገር ሳልጨርስ «እሺ አባዬ፣ ገባኝ አባዬ» ትላለህ፤ ያልገባህንም ገባኝ ትላለህ። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፤ ኔትወርኩ ይቁረጠው አንተ ቁረጠው እኔ በምን አውቃለሁ? ወረቀት ግን አይቋረጥም። ተቀምጠህ እስከ ታች ታነበዋለህ።

ፊደል እንዳልቆጠርሁ ታውቃለህ፤ አላፍርበትም። እኔ ስናገር የምትጽፈው ሚስትህ እናትዓለም ናት። ከሰፈራችን ከሹም አቦ አልፎ በባሕር ዳር ሁሉ ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም፤ እሷ እንድትጽፈው የፈለግሁ እኔ ነኝ። አፌ እንዳመጣው ጻፊ፣ ማር አትቀቢው ብያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች። የምትጽፍበትም አንተ ሽጡት ያልኸው የጽሕፈት ሱቋ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ገና ወረቀቱን ስትይዘው መልሴን ይዘኸዋል፤ ምክንያቱን ደግሞ ስማ።

ከጥምቀት በኋላ ያን ጠፍጣፋ ስልክ፣ ታብሌት የምትሉትን፣ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ላክህ። ደወልህና ለእኔም ለእሷም አስረዳኸን። ኮምፒውተር ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ሥራውን የሚሠራው በስልክ ነው፤ ያ ትልቅ ሣጥን የሚያደርገውን ሁሉ ይህ ያደርገዋል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም አልኸን። ደግ። ቀጠልህና ኮምፒውተሩን አንድ የመራዊ ነጋዴ እንደሚወስደው፣ ከእሱ ጋር እንደተነጋገራችሁ፣ የሱቁ ክፍል እንዲከራይ ተናገርህ። በመጨረሻ ድምፅህን ቀነስ አድርገህ፣ እናትዓለም ታብሌቷን ይዛ እንፍራንዝ ወላጆቿ ዘንድ ሆና ብትሠራ ይሻላታል፣ ሥራው ከእንግዲህ ቦታ አይፈልግም አልህ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግርህ የቀረችኝ ይህች የመጨረሻዋ ናት። ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር የጀመረ ሰው እንዴት እንፍራንዝ ላይ አረፈ? አልጠየቅሁህም። ነገር ሳይሞከር አይፈረድም ብዬ፣ እስቲ ሞክሪው አልኋት።

ሞከረችው። ለእውነት የቆምሁ ሰው ነኝና ታብሌትህን አላማውም። መብራት በጠፋ ጊዜ የጎረቤቱ ሱቅ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያዛጋ የእሷ ሲሠራ ዋለ። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች እየመጡ ማመልከቻቸውን አስጻፉ፣ ፎቷቸውን እዚያው ተነሡ፣ እዚያው ላከችላቸው። ጀልባ ሠሪው ሂሻም መጣ፤ ታውቀዋለህ፣ ከአባቱ ጋር አብረን ጣና ላይ ያረጀን። አዲስ ጀልባ ሠርቶ ገዢ ይፈልግ ነበር። ወርዳ ጀልባውን በታብሌቱ አነሣችው፣ ከሥሩ ጽፋ ወደ ጎርጎራ ሰዎች ላከችው፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ደወሉለት። ሂሻም ደስ ብሎት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና፣ አያ አዘዘ፣ ይህን ሣጥን እንግዲህ ዶሮ አሳድሩበት አለኝ። ሳቅሁ፤ ደስ ግን አላለኝም።

እኔ ታንኳ ቀዝፌያለሁ፤ ኋላም በብረቱ መርከብ ላይ እስክደክም ሠርቻለሁ። በመርከቡ ላይ ሳለሁ የታንኳ ነገር አለቀ ሲሉ ሰምቻለሁ። አላለቀም፤ መርከብ ደንገሉ መካከል አይገባማ። ታንኳም ደግሞ በሬ አይጭንም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጭነቱ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ። አንተ ሳትጠይቅ ነው የፈረድኸው።

የእናትዓለምን ጭነት ልንገርህ። የደብራችን የኪዳነ ምሕረት የብራና መጽሐፍ አርጅቶ ቅጠሉ እየረገፈ ስለሆነ፣ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን እያነበቡላት እሷ በኮምፒውተሩ ስትጽፈው እንደከረመች ታውቃለህ። በግራ ግዕዙ፣ በቀኝ አማርኛው፣ ሁለት ዓምድ ሆኖ ጎን ለጎን ይወርዳል። የእመቤታችን ስም በመጣ ቁጥር በቀይ ነው፤ እንደ ብራናው። መሪጌታ የእጇን ሥራ አይተው፣ ልጄ አንቺ ቁም ጸሐፊ ነሽ፣ ብርዕሽ ብቻ ነው የተለየው ይሏታል። እኔ ባላነብም እሳቸው እንዲህ ያለ ቃል ለማንም እንደማያባክኑ አውቃለሁ።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሲቃረብ መብራቱ ሄዶ አልመለስ አለ። በዚያ በዓል የሚነበበው ክፍል ታትሞ መድረስ ነበረበት። ከኮምፒውተሩ ቀድማ ያወጣችውን ጽሑፍ በታብሌቱ ልትከፍተው ብትል፣ በድሮው የኮምፒውተር ፊደል የተጻፈ ነበርና ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። አሳየችኝ፤ ፊደል የማላውቀው እንኳ ፊደል እንዳልሆነ አየሁ። ምን ታድርግ? የዕለቱን ንባብ በታብሌቱ ላይ በጣቷ እየነካካች እንደ አዲስ ጻፈችው። ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። የእኛ ፕሪንተር ከታብሌቱ ጋር አይግባባም፤ መብራትም የለ፤ ጄኔሬተር ወዳለው ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላከችው። ታትሞ መጣ፤ ጠረዘችው፤ መሪጌታ ወሰዱት። እናትዓለም ሳታይ ያሳለፈችው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ይህን ነገር ያዝልኝ።

በበዓሉ ዕለት መሪጌታ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸውን ታውቀዋለህ፤ ሕዝቡ ጸጥ አለ። ግዕዙን እያዜሙ ሲሄዱ ከመካከሉ «በሬውንም እየነዳ ሄደ» የሚል አማርኛ ወጣ። ቆም አሉ፤ አሳሉ፤ ካቆሙበት ቀጠሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ሌላ አማርኛ። በማተሚያ ቤቱ ሲከፈት ሁለቱ ዓምድ ፈርሶ፣ አንድ መስመር ግዕዝ አንድ መስመር አማርኛ እየሆነ ተደባልቆ ኖሯል። በሴቶቹ በኩል ሳቁን በነጠላ ሲያፍኑት ይሰማኛል። ሳቁ ምንም አይደል። ቀዩም ጠፍቶ ሁሉም ጥቁር ሆኖ ነበር። መሪጌታ መስመሩን ሲያሳድዱ የእመቤታችንን ስም ሳያዘገዩ አለፉት፤ እኛም ሳንሰግድ ቀረን። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ሸምግያለሁ፤ ስሟ ተጠርቶ ሳንሰግድ የቀረንበትን ቀን አላውቅም። እናትዓለም ከኋላ ቆማ ነበር። ንባቡ ሳያልቅ ወጣች።

በማግስቱ መሪጌታ ወደ ሱቁ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ የፈራሁትን ያህል አልተቆጡም። ወንበር ስባ ሰጠቻቸውና እግራቸው ሥር ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ አነሧት። ማሽኑን አልወቅሰውም፣ ማሽን አይጾም አይሰግድ አሉ። ቀጥለው እንዲህ አሏት፦

«አንቺ አንዲት ነጥብ ሳታዪ አሳልፈሽ አታውቂም። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ገለጥ ብታደርጊው ኖሮ ይታይሽ ነበር። ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

አንገቷን እንደደፋች ቀረች። እሳቸውም አዋቂ ናቸውና፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔ ጠየቅኋት። እኔ እንደ መሪጌታ አልተውም። ታብሌቱ ይወቀስ እንጂ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ሳታዪ የጠረዝሽው አልኋት። ከዚያ ታብሌቱን አንሥታ፣ አንድ ቦታ ነካ አድርጋ በእጄ ሰጠችኝ።

ልጄ፣ ያን ታብሌት ገመዱን ሳትፈታ ነው የላክኸው። አንተ ስትሠራበት የቆየ ነው አሉ፤ ስምህና መክፈቻህ አብሮት መጥቷል። አንተ እዚያ አዲስ አበባ በእጅህ ባለው ስልክ የምታነሣው ፎቶ ሁሉ፣ አንተ ሳትልከው፣ እዚህም ይወርዳል። እናትዓለም ናት ያስረዳችኝ፤ ድምፅዋ ስለ ሰው ዕቃ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ ፊደል አላውቅም። ፎቶ ግን ፊደል አይጠይቅም። አንተ ነህ። ነጠላህን አጣፍተህ ከቤተ ክርስቲያን በር ቆመሃል። ክንድህ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አለ። አጠገብህ ሹሩባ የተሠራች ቀጭን ሴት እጇን ክንድህ ላይ አድርጋለች። ከኋላ እልል የሚሉ ሴቶች አሉ። በሚቀጥለው ፎቶ ጨርቁ ገለጥ ብሏል፤ አንገቱ ላይ አዲስ ማተብ አለ። ግንባሩን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ከአባቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ፎቶው የወረደው እሷ የኪዳነ ምሕረትን ንባብ በጣቷ ጽፋ ልትጨርስ ስትል ነው። የቀረውን ጻፈች፣ ላከች፣ ጠረዘች። ሳታይ።

እዚህ ላይ ስደርስ የቁልፉ ድምፅ ቆመ። ዘወር ብዬ አላየኋትም። ከከበደሽ ሌላ ጸሐፊ ልጥራ አልኋት። «የጀመርሁትን እኔው እጨርሰዋለሁ» አለች። ይህንም ጻፊው አልኋት፤ ጽፋዋለች።

ስለዚያ ፎቶ አንድም ጥያቄ አልጠይቅህም። ጠይቄህ ደግሞ እንድትዋሸኝ አልፈልግም። ይህ ታብሌት ያንን ሣጥን ይተካል ላልኸኝ ግን ልመልስልህ፤ በአንድ ነገር አሸንፎታል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሠራ እንዲህ ያለ ዜና አምጥቶ አያውቅም።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ የመራዊው ነጋዴ በባጃጅ መጣ። ገመድም ማዳበሪያ ከረጢትም ይዟል። እናትዓለም መብራት ተመልሶላት ያንን የተበላሸ ንባብ በኮምፒውተሩ እያቃናች ነበር። እኔ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አልተነሣሁም። ሰውየው ትሑት ነው፤ አባባ ይለፉኝ አለ። የት አልሁት። ልጅዎ ሸጦልኛል፣ ተስማምተናል አለ። እንግዲያው ከልጄ ቤት ሂደህ ውሰድ፣ ይህ የእኔ ቤት ነው አልሁት። በእኔ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ኮምፒውተሩን አየና ዋጋ ለማርከስ ነው መሰል፣ አባባ ይኼ እኮ አሮጌ ነው፣ ማንም አይፈልገውም አለኝ።

«እኔም አሮጌ ነኝ፤ እኔንም ልትጭነኝ ነው?» አልሁት።

ባለ ባጃጁ መሪውን ይዞ ሳቀ። ነጋዴውም ሳቀ። ከዚያ ጨዋ ሰው ስለሆነ እናትዓለምን ቀና ብሎ አየና፣ እህቴ አንቺ ምን ትያለሽ አላት። ልብ በል፤ በዚህ ሁሉ መካከል እሷን የጠየቃት እሱ ብቻ ነው። አንተ አልጠየቅሃትም። እኔም በር ላይ ተደንቅሬ ዋልሁ እንጂ እሷን አልጠየቅኋትም።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ታብሌቱ መጥፎ አይደለም አለች፤ የሚሠሩት ሰዎች ገና እየሠሩት ነው፣ አንድ ቀን ሁለቱን ዓምድም ቀዩንም ሳያበላሽ ያወጣ ይሆናል፤ ያ ቀን ዛሬ ግን አይደለም፣ የመሪጌታም መጽሐፍ ያንን ቀን አይጠብቅም። ከዚያ ለነጋዴው ይሁን ለእኔ ባይለይም እንዲህ አለች፦

«የምሄድበት አጥቼ አይደለም የምቀመጠው። ሥራዬ እዚህ ስለሆነ ነው።»

ነጋዴው ገመዱን ጠቀለለ። ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ። በእሱ አትቀየም፤ ከአንተ ይልቅ ነገሩ የገባው እሱ ነው።

እኔ በነጋታው ያደረግሁትን ስማ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳንንና ሂሻምን ቤቴ ጠርቼ አስቀመጥሁ። ያ ኮምፒውተር የተገዛው የእኔ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ነው፤ ስትሸጠው ይህን ረስተኸዋል፤ እኔ አልረሳሁም። ሱቁ ያለበትም ክፍል የእኔ ነው። በሁለቱ ፊት ኮምፒውተሩንም ፕሪንተሩንም ክፍሉንም ለእናትዓለም ሰጠኋት። እንደ ልጅ ሚስት አይደለም፤ እንደ ልጅ። ሂሻም ያን የዶሮውን ቀልድ አስታውሶ አፈረ መሰለኝ፣ ለኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ከጀልባ ሳንቃ ሠርቶ አምጥቷል፤ ወፍራም ነው፣ ጎርፍ ቢመጣ ይንሳፈፋል። ነገሩ ከሽማግሌ እጅ ወጥቷል፤ በስልክ አታስለውጠኝም። መጥተህ ብትጮህም አላስለውጥህም። ኮምፒውተሩን ልትተወው የፈለገች ቀን እሷው ትተወዋለች። በታብሌት ልተካው ብትልም እሷው ትተካዋለች። አንተና እኔ ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር ቃል የለንም።

ታብሌቱን ጣና ውስጥ ልወረውረው ብዬ ነበር። እሷ ከለከለችኝ፤ ዕቃው ምን አጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ይሠራልኛል አለች። ያንተን ስምና መክፈቻ አውጥታዋለች። ገመዱ ተፈትቷል። ከእንግዲህ ከአንተ ዘንድ ምንም አይወርድም፤ በሰላም ፎቶህን አንሣ።

የተቃናው ንባብ ታትሞ ሁለቱ ዓምድ በየቦታው ቆሟል፤ ቀዩም ቀይ ነው። መሪጌታ በሚቀጥለው ወር በዓል አነበቡት። ሰገድን።

ወደ መጨረሻው ደረስሁ። ይህን የምልህ ከራሴ አይደለም፤ እኔ ገና ሆዴ አልበረደም፣ ለእኔ ቢሆን እተወው ነበር። መሪጌታ ንባቡን አንብበው ሲወጡ እናትዓለም ተጠግታ፣ አንድ ሰው በጸሎት እንዲጠራልኝ እፈልጋለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም፣ ሳይታወቅ ይጠራል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ያለ ክርስትና ስም አይሆንም አሏት። ቤት ስንደርስ፣ አባባ፣ ደብዳቤውን ሲጽፉ ይህን ይጠይቁልኝ አለችኝ። ምነው አንቺ ብዬ ፊቷን አየሁት። ጨርሳ አስባዋለች።

እንግዲህ ጤና ይስጥህ። መንገድህን ያቅናልህ፤ አንተ ባታቀናው እሱ ያቅናልህ። ሳልህን አትናቀው፤ አንገትህን ሸፍን። እጅህ ላይ የያዝኸውን አትጣል። በቤትህ ያሉትን ሁሉ፣ ስንትም ይሁኑ ስንት፣ ኪዳነ ምሕረት በጥላዋ ሥር ታኑራቸው።

የክርስትና ስሙን ላክልን። በአርባ ይነሣ በሰማንያ ፎቶው ስለማይናገር፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አናውቅም።

አባትህ ነኝ። ፊደል ስለሌለኝ አውራ ጣቴን ከዚህ በታች አትሜያለሁ፤ ቀለሙን የቀባችልኝ እሷ ናት።